የዝምተኛ ወላጅ ልጅ ጎበዝ መሆኗን ማን ይንገር?

(ከቨርጂኒያ)

እኛ ባደግንበት አገር ፈተና ተማሪውን ፈልጎ ይመጣል እንጂ ተማሪው ፈተና ፍለጋ አይወጣም ነበር። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ በሚሰጥበት ጠዋት የነጋዴውም የጉልት ቸርቻሪዋም ልጅ እኩል እርሳሱን ቀርጾ፣ እኩል ተርበትብቶ ይቀመጣል። አባቴ ስለ ፈተናው የሚያውቀው ቀኑን ብቻ ነው። «ልጄ ጎበዝ ነውና ፈትኑልኝ» ብሎ ማመልከቻ መጻፍ ይቅርና፣ የትምህርት ቤቱን ግቢ የረገጠው ሁለት ጊዜ ነው። አንዴ ሊያስመዘግበኝ፣ አንዴ ደግሞ መስኮት ሰብሬ «ወላጅ አምጣ» ተብዬ።

ያ ሥርዓት ስንት ጉድ እንደነበረበት ስለማውቅ ላሞግሰው አልተነሣሁም። አንድ ነገር ግን ነበረው። ወረቀቱን ለመስጠት አባትህ ማን እንደሆነ፣ ደብዳቤ ማንበብ መቻል አለመቻሉን የሚጠይቅ አልነበረም። ታዲያ ያን አገር ጥዬ በሀብቷ ዓለም የሚያውቃት አሜሪካ ስመጣ የጠበቀኝ ነገር ሌላ ሆነ። እዚህ ልጅ ጎበዝ መሆኑ ብቻውን አይበቃም። ጎበዝ መሆኑን የሚናገርለት ወላጅ ያስፈልገዋል። ያውም በጊዜው፣ በቅጹ ላይ፣ በሚፈለገው ዓይነት እንግሊዝኛ።

ነገሩን የሰማሁት ከታክሲዬ የኋላ ወንበር ነው። በዲሴምበር ወር አንዲት ፈረንጅ ከአየር ማረፊያ ጭኜ ስሄድ በስልክ ታወራለች። የሰው ወሬ ማዳመጥ ነውር ቢሆንም ታክሲ ውስጥ ጆሮ አይዘጋም። «ፋይሉን አስገብተናል፤ ካልተሳካ ወደ ግል ሳይኮሎጂስት ወስደን እናስፈትነዋለን፤ ከዚያ ይግባኝ እንላለን» ትላለች። እኔ ልጁ የታመመ መስሎኝ ስልኩን ስትዘጋ «እግዜር ይማርልሽ» አልኳት። ሳቀች። ልጁ ደህና ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ነው። ወሬው ስለ «ጊፍትድ» ፕሮግራም ነው፤ ማለትም መንግሥት በነፃ ትምህርት ቤቶቹ ውስጥ ልዩ ተሰጥኦ አላቸው ለሚላቸው ልጆች ስለሚያዘጋጀው የተለየ ክፍል። «ያንተስ ልጅ ስንተኛ ክፍል ናት?» አለችኝ። ሁለተኛ አልኳት። «ታዲያ አስገባህ አይደል? ባለፈው ሳምንት እኮ ተዘጋ!»

ምን አስገባለሁ? ምኑስ ነው የተዘጋው?

ማታ ቤት ገብቼ ፍሪጁ ላይ የተቆለለውን የትምህርት ቤት ወረቀት ሁሉ አወረድኩት። መቼም አሜሪካ ልጅ ያለው ሰው ያንን ቁልል ያውቀዋል። ዓርብ ዓርብ በልጁ ቦርሳ የሚመጣ፣ ግማሹ የፒዛ ግብዣ፣ ግማሹ የፎቶ ዋጋ ነው። ደብዳቤው እዚያ መሀል ነበር። ሁለት ገጽ በእንግሊዝኛ። ግርጌው ላይ ደግሞ በደቃቃ ፊደል፣ የአማርኛ ትርጉም ከፈለጉ በኢንተርኔት ያገኛሉ ይላል። በእውነትም ገብቼ ሳየው የአማርኛው ትርጉም ነበረ፤ ያውም ጥሩ አማርኛ። ግን አማርኛ መኖሩን የሚነግረው ዓረፍተ ነገር የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው! እንግሊዝኛ ለማይችል ሰው «አማርኛ አለልህ» ብሎ በእንግሊዝኛ መንገር ምን ይሉታል? የዚያን ትምህርት ቤትም ሆነ የካውንቲውን ስም አልጽፍም። በክፋት ያደረጉት አይመስለኝም፤ ሌላውም ዘንድ ያው ነውና አንዱን መርጦ መክሰስ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል።

አንባቢ እንዲገባው ስለ ሥርዓቱ ጥቂት ልበል። አሜሪካ ውስጥ የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውን ልጆች ማስተማር ግዴታ የሚያደርግ የፌዴራል ሕግ ከ1975 ጀምሮ አለ (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው)። ተሰጥኦ አላቸው ለሚባሉት ግን እንዲህ ያለ አስገዳጅ የፌዴራል ሕግ የለም። ለየክፍለ ግዛቱ የተተወ ነው፤ በክፍለ ግዛቱም ውስጥ ቢሆን ከካውንቲ ካውንቲ ይለያያል። የቨርጂኒያ ደንብ አንድ ልጅ በአንድ መለኪያ ብቻ እንዳይወሰንበት ያዛል። ወላጅም ራሱ ልጁን ለምርመራ ማቅረብ፣ ውሳኔው ካልተስማማውም ይግባኝ ማለት ይችላል። የአገራችን ሰው በብዛት ከሚኖርባቸው አንዱ የሆነውን ፌርፋክስ ካውንቲን ለምሳሌ ብንወስድ፣ ልጆች አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ላይ ይፈተናሉ፤ ሦስተኛ ክፍል ላይ ለሚጀምረው የሙሉ ቀን ፕሮግራም ደግሞ አንድ ኮሚቴ የፈተናውን ውጤት፣ የመምህሩን ግምገማና የልጁን የሥራ ናሙና አንድ ላይ አይቶ ይወስናል። ወላጅ በጽሑፍ ይጨምራል። ኪሱ የፈቀደ ወላጅ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ከፍሎ ልጁን በግል ሳይኮሎጂስት አስፈትኖ ውጤቱን ያያይዛል።

ወረቀት ላይ ሲታይ ምን ይወጣለታል? በሩ ለሁሉም ክፍት ነው። መብትም አለ፣ ይግባኝም አለ። ነገሩ የሚበላሸው በሩ የት እንዳለ የሚያውቀው ማነው ሲባል ነው።

እኛ በዓመቱ ሞከርን። ቅጹ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ «ልጅዎ ከእኩዮቿ በምን እንደምትለይ ይግለጹ» የሚል ነው። እኔና ባለቤቴ ተያየን። ሀበሻ ልጁን በአደባባይ አያሞግስም። ልጅሽ እንዴት ቆንጆ ናት ሲሏት «ምን ቆንጆ ናት፣ ጥቁርቁር ያለች» ብላ የምታጣጥል እናት አሳድጋን፣ አሁን በፊርማችን አረጋግጠን ልጃችን ከሰው ልጅ ሁሉ ትበልጣለች እንበል? ባለቤቴ «አንተ ሰው፣ ልጅቷን ዓይን ልታስበላት ነው እንዴ?» አለችኝ። የሆነው ሆኖ ተቀምጠን ጻፍን። «ልጃችን ታዛዥ ናት። ታላላቆቿን ታከብራለች። የቤት ሥራዋን በሰዓቱ ትሠራለች። ክፍል ውስጥ አትለፈልፍም።» ከዚህ በላይ ምን ምስክርነት አለ? እኔ በበኩሌ በጻፍነው ኮርቼ ነበር።

ተቀባይነት አላገኘችም።

አንዲት በመምህርነት የምትሠራ የአገራችን ልጅ የጻፍነውን አንብባ መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥሎ ግን ፊቷ ከፋው። «ጋሼ፣ እናንተ የጻፋችሁት ስለ ጨዋ ልጅ ነው። እነሱ የሚፈልጉት የምትጠይቅ፣ የምትከራከር፣ ነገር የምትፈታታ ልጅ ነው። እንዲያውም 'አትለፈልፍም' ያላችሁት ጎድቷታል» አለችኝ። ከዚያ «እስቲ ቤት ውስጥ ምን ታደርጋለች?» ብላ አወጣጣችኝ።

ምን ታደርጋለች? ባለቤቴ እንጀራ ስትጋግር አጠገቧ ቆማ «ዓይኑ ለምን ከላይ ብቻ ይወጣል? ከሥርስ ለምን የለም?» ብላ ታደርቃታለች። አያቷ ከአዲስ አበባ በስልክ የቤተሰቡን ልደት በእኛ አቆጣጠር ሲነግሯት፣ ወደ ፈረንጅ የሚለውጥ ሠንጠረዥ በራሷ ሠርታለች። ጳጉሜን የት እንደምታስገባት ጠፍቷት ሁለት ቀን አኩርፋ ከረመች፤ አራተኛው ዓመት ላይ ስድስት ቀን እንደምትሆን ስነግራት ደግሞ «ለምን መጀመሪያ አልነገርከኝም!» ብላ ጮኸችብኝ። እኛ ይሄንን «ነገር ማብዛት» እንለዋለን፤ እንዲያውም ተቆጥተናታል። ለካስ ኮሚቴው የሚፈልገው ይህንኑ ኖሯል! መምህሯ ይህን አታይም፤ ልጅቷ ክፍል ውስጥ ዝም በይ ባልናት መሠረት ዝም ብላለችና። ነገሩ የተካሄደው በአማርኛ፣ ኩሽና ውስጥ ነው።

ይግባኙ ላይ ጳጉሜን የተጨነቀችበትን ሠንጠረዥ አያያዝን፤ የእንጀራውንም ጥያቄ ጻፍን። ገባች። እዚህ ላይ አንባቢ እንዲያስተውልልኝ እፈልጋለሁ። በሁለቱ ውሳኔዎች መካከል የልጅቷ የፈተና ውጤት በአንድ ነጥብ አልጨመረም፤ ጭንቅላቷም ያው የበፊቱ ነው። የተሻሻለው የአባትየው ጽሑፍ ነው። ታዲያ የተፈተነው ማነው? እሷ ወይስ እኔ?

በዚሁ አጋጣሚ ስለ ሌላ ወረቀት ላንሣ። ልጅ ሲመዘገብ «በቤታችሁ የምትናገሩት ቋንቋ ምንድነው?» የሚል መጠይቅ ይሰጣል። አማርኛ ብለህ ከሞላህ ልጁ እንግሊዝኛ ይፈተንና ካነሰው ተጨማሪ የቋንቋ ትምህርት ወደሚሰጥበት ክፍል ይመደባል። ይህን የፈሩ ብዙ ወገኖቻችን «እንግሊዝኛ» ብለው ይሞላሉ፤ ቤታቸው ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ሳይጨርሱ! እኔ ይህን አልደግፍም። ልጁ የሚገባውን እርዳታ ያሳጣዋል፤ ቋንቋውንም እንደ ወንጀል ይቆጥረዋል። ፍርሃቱ ግን ከሜዳ የመጣ አይደለም። አንድ ልጅ «እንግሊዝኛ የሚጎድለው» ተብሎ ከተመዘገበ በኋላ መምህሩ የሚያየው የጎደለውን እንጂ የሞላውን አይደለም። በሁለት ቋንቋ የሚያስብ የሰባት ዓመት ልጅ በአንድ ቋንቋ ከሚያስበው ያነሰ ተደርጎ ሲታይ ማየት ያበሳጫል።

አንዳንዱ አንባቢ «አንተ በአንድ ልጅህ ገጠመኝ አገር ትከሳለህ እንዴ?» ይለኝ ይሆናል። ደግ። ከእኔ ቤት ወጥተን ወደ ሌሎቹ ከተሞች እንሂድ።

ኒው ዮርክን እንይ። ከንቲባ ማይክል ብሉምበርግ በ2008 ነገሩን ፍትሐዊ እናድርገው ብለው፣ ቀድሞ በየሰፈሩ በየራሱ መንገድ ይካሄድ የነበረውን ምርጫ ትተው ለከተማው ሁሉ አንድ ዓይነት ፈተና፣ አንድ ዓይነት መቁረጫ ነጥብ አወጡ። ሐሳቡ ያማረ ነው፤ አንድ ወንፊት ለሁሉም። ግን ተፈታኞቹ የአራት ዓመት ሕፃናት ናቸው። የአራት ዓመት ሕፃን ራሱን አያስመዘግብም፤ የሚያስመዘግበው ወላጁ ነው። ቀኑን ያወቀ አስመዘገበ፤ ገንዘብ ያለው ደግሞ አስጠኚ ቀጠረ። ለአራት ዓመት ሕፃን አስጠኚ! ጥርሱን ያልጨረሰ ልጅ ቅርጽ ከቅርጽ እያመሳሰለ ቅዳሜውን ያሳልፋል። ውጤቱስ? በድሃ ሰፈሮች መቁረጫውን አልፈው የሚገኙት ልጆች ክፍል ለመክፈት የማይበቁ እየሆኑ በደቡብ ብሮንክስና በማዕከላዊ ብሩክሊን ያሉ አራት የትምህርት ወረዳዎች ለዓመታት አንድም እንዲህ ያለ ክፍል ሳይኖራቸው ቀሩ። እንደገና የተከፈተላቸው በ2016 ነው፤ ያውም ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ። እንግዲህ እነዚያ ሰፈሮች በሙሉ ለዓመታት ጎበዝ ልጅ አልወለዱም ማለት ነው? ይህን የሚያምን ካለ እጁን ያውጣ።

ፈተና መቼም አይሳሳትም ለሚል ሰው ደግሞ የ2013ቱን ልንገረው። በዚያ ዓመት ፈተናውን ያርም የነበረው ፒርሰን የተባለው ኩባንያ የልጆቹን ዕድሜ ሲያሰላ ተሳስቶ፣ ከ4,700 በላይ ሕፃናት ከሚገባቸው ያነሰ ውጤት ተሰጣቸው። የተገባቸውን ቦታ «አላለፋችሁም» ተብለው ነበር። ስህተቱ የወጣው ወላጆች ስለ ውጤቱ ጥያቄ ስላነሱ ነው። እኔ ብሆን ኖሮ «ፈተናው ይህን ካለ ይህን ነው» ብዬ ወረቀቱን ፍሪጁ ላይ እጥለው ነበር። እናንተስ?

በጃንዋሪ 2021 የከተማው የትምህርት ጉዳይ ምክር ቤት የፈተናውን ውል አላድስም አለና የአራት ዓመቶቹ ፈተና ቀረ። በዚያው ዓመት ከንቲባ ቢል ዴብላዚዮ ፕሮግራሙን ራሱን አጠፋለሁ አሉ፤ በ2022 የተተኩት ኤሪክ አዳምስ ደግሞ የለም አሰፋዋለሁ ብለው ቦታ ጨመሩ። በፈተናው ፋንታ የሕፃናቱ መምህራን እንዲጠቁሙና ከተጠቆሙት ውስጥ በዕጣ እንዲመደብ ተደረገ። ዕጣ! ልክ እንደ ኮንዶሚኒየም። በ2025 የተመረጡት ዞህራን ማምዳኒ ደግሞ በምርጫ ዘመቻቸው ከሕፃናቱ ክፍል ላይ ፕሮግራሙን አስቀራለሁ ብለዋል። አንዱ ከንቲባ ሲከፍት ሌላው ሲዘጋ ልጆቹ እያደጉ ነው።

መጠቆምን ለመምህር መስጠትስ ነገሩን ያቃናል? በ2016 የወጣ አንድ ጥናት እንዳሳየው፣ የፈተና ውጤታቸው እኩል የሆኑ ጥቁርና ነጭ ልጆች እንኳ እኩል አይጠቆሙም፤ ጥቁሩ ልጅ መምህሩ ጥቁር ሲሆን ግን ልዩነቱ ይጠፋል ለማለት ይቻላል። መምህራኑ ሁሉ ክፉ ናቸው ለማለት አይደለም። ሰው የሚያየው የለመደውን ነው። እኔስ የራሴን ልጅ ጥያቄ «ነገር ማብዛት» ብዬ አልነበር?

ለእኔ ዓይን ገላጭ የሆነብኝ ግን የፍሎሪዳው ነው። ብሮዋርድ የሚባል ካውንቲ አለ፤ ከአሜሪካ ትልልቅ የትምህርት ወረዳዎች አንዱ ነው። እስከ 2005 ድረስ እዚያም ልጅ ወደ ምርመራ የሚሄደው መምህሩ ወይም ወላጁ ሲጠቁመው ነበር። ከዚያ ማን ይጠቆም የሚለውን ጥያቄ ተዉትና ለሁለተኛ ክፍል ተማሪ በሙሉ አንድ አጭር፣ ቋንቋ የማይጠይቅ ፈተና ሰጡ። መቁረጫውን ዝቅ አላደረጉም። ያደረጉት ነገር ቢኖር ሁሉንም ማየት ብቻ ነው። ወዲያው ከድሃ ቤት የመጡ፣ ጥቁርና ላቲኖ የሆኑ፣ እንግሊዝኛ በመማር ላይ ያሉ ልጆች በብዛት ተገኙ። ከየት መጡ? ከየትም አልመጡም፤ እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ይህን ያጠኑት ዴቪድ ካርድና ሎራ ጁሊያኖ የተባሉ ኢኮኖሚስቶች ናቸው፤ ካርድ በ2021 የኖቤል ሽልማት ከተሰጣቸው ሦስት ኢኮኖሚስቶች አንዱ ነው። የሚያሳዝነው መጨረሻው ነው። የኢኮኖሚ ቀውሱ መጥቶ በጀት ሲቀነስ ያ ምርመራ ተዳከመ፤ የነዚያ ልጆች ቁጥርም ተመልሶ አሽቆለቆለ። ጭንቅላታቸው አብሮ ከበጀቱ ጋር ተቀነሰ መሰላችሁ?

እዚሁ ደጃችን ያለውን ቶማስ ጀፈርሰን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትንም ሁሉም ሀበሻ ያውቀዋል፤ «ቲጄ» ይሉታል። በመላው አገሪቱ ስሙ የገነነ የሳይንስ ትምህርት ቤት ነው። እስከ 2020 ድረስ ለመግባት ፈተና ነበረው፤ ለማመልከት ብቻ 100 ዶላር ይከፈል ነበር። በ2020 ከተቀበላቸው 486 ተማሪዎች ውስጥ ጥቁሮቹ ከአሥር አይሞሉም፤ ቁጥራቸው ከማነሱ የተነሣ በይፋ አልተጻፈም። ከድሃ ቤተሰብ የመጡት ደግሞ ከመቶ አንድ እንኳ አልሞሉም። በዚያው ዓመት መጨረሻ ፈተናውም 100 ዶላሩም ተነሣ። ለእያንዳንዱ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቹ 1.5 በመቶ የሚሆን ቦታ ተጠበቀለት። በቀጣዩ ዓመት 550 ተማሪዎች ሲገቡ የጥቁሮቹ ድርሻ 7 በመቶ፣ ከድሃ ቤት የመጡት 25 በመቶ ሆነ። የእስያውያኑ ድርሻ ደግሞ ከ73 ወደ 54 በመቶ ወረደ። ስለዚህም ብዙ እስያውያን ወላጆች ያሉበት ማኅበር ፍርድ ቤት ሄደ፤ በ2022 በታችኛው ፍርድ ቤት ረታ፣ በ2023 ግን ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ገለበጠው፣ በፌብሩዋሪ 2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አላይም አለ።

እነዚያን ወላጆች ግን አልረግማቸውም። እነሱም እንደኛ ስደተኞች ናቸው። ሁለት ሥራ እየሠሩ ልጅ ያስጠኑ፣ ሥርዓቱን አጥንተው በሥርዓቱ የገቡ ናቸው። ሕጉን አክብረው ተጫወቱ፤ ጨዋታው መሀል ላይ ሕጉ ሲቀየር ቢጮኹ አይፈረድባቸውም። እንዲያውም ልንማርባቸው ይገባል። አንዱ ያወቀውን ለሌላው ይነግራል፤ መጽሐፉን ይዋዋሳሉ፤ ስብሰባ ላይ ተሰልፈው ይገኛሉ። የእኛስ?

የእኛን ባላነሣው ይሻለኝ ነበር። ዕቁብ ላይ ቤንዚን የት እንደረከሰ፣ የትኛው የቤት ደላላ እንደሚያጭበረብር እንነጋገራለን። ልጁን ጊፍትድ ክፍል ያስገባው ሰውዬ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ አብሮን ቡና ጠጥቶ አንድ ቀን አልተነፈሰም። ልጄ ከገባች በኋላ ሳገኘው «አንተም አወቅህ?» አለኝ። አወቅህ? ማኅበረ ምስጢር ነው እንዴ! የሱ ልጅ የገባው የእኔ ልጅ ስላልገባች አይደለም፤ ቢነግረኝ የሚጎድልበት ነገር አልነበረም። አንዳንዱ ደግሞ የሚደብቀው ከክፋት ሳይሆን ያንኑ ዓይን ፈርቶ ነው። «ዝም አይነቅዝም» እያልን አድገናል። እዚህ አገር ግን ዝም ሲነቅዝ በዓይኔ አይቻለሁ።

ሌላም ወገን አለ፤ «እንዲህ ከሆነ ፕሮግራሙ ይዘጋና ሁሉም ልጅ አንድ ላይ ይማር» የሚል። ምሁራን ናቸው፣ ልባቸውም ደህና ነው። ግን ልጠይቃቸው። በነፃው ትምህርት ቤት ውስጥ ያለው በር ሲዘጋ ገንዘብ ያለው ወላጅ የት ይሄዳል? ወደ ግል ትምህርት ቤት ይሄዳል። ታክሲ ነጂውና ፓርኪንግ ውስጥ የሚሠራው ወላጅስ? የሚቀረው እዚያው ነው፤ ልጁም የሚያውቀውን ትምህርት ዳግመኛ እየሰማ ጠረጴዛ ላይ ያንቀላፋል። ብሮዋርድ መልሱን አሳይቶናል። በሩን አትዝጉት፣ ለሁሉም ልጅ እናንተው አንኳኩላቸው። ገንዘብ ያስወጣል? አዎን ያስወጣል። ለእግር ኳስ ሜዳ የሌሊት መብራት የሚገኘውን ገንዘብ ያህል ግን የሚያስወጣ አይመስለኝም።

እስከዚያው ድረስ ግን ወላጅ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የለበትም። ትምህርት ቤቶች ወላጅ በሚገባው ቋንቋ እንዲያስረዱ የሚያስገድዳቸው የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ነው፤ ስለዚህ አስተርጓሚ ስትጠይቅ ውለታ እየለመንክ አይደለም። ጎረቤት ያሉት ፌርፋክስና ሞንትጎመሪ ካውንቲዎች ወረቀቶቻቸውን ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው፤ እንዲህ ያለ ቦታ የሚኖር ሰው «አማርኛውን ስጡኝ» ብሎ በስሙ ይጥራው። ልጅ ሁለተኛ ክፍል ሳይደርስ፣ መስከረም ላይ፣ «የጊፍትዱ ማመልከቻ መቼ ይዘጋል?» ብሎ መምህሩን መጠየቅ ነው። ልጅህ ቤት ውስጥ በአማርኛ የሠራውን አትጣል፤ አስቀምጥ። ቅጹ ላይ ጨዋነቱን ሳይሆን ያስቸገረህን ጥያቄ ጻፍ። እምቢ ካሉህ ደብዳቤው ላይ የይግባኙ ቀን ተጽፏል፤ ቀኑ አጭር ነው። ቀበሌ መታወቂያ ለማውጣት ስንት ጊዜ ተመላልሰናል? ከዚያ አይብስም።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ልጄ ገባችልኝ ብዬ ለመፎከር አይደለም። ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ አንዲት የአገራችን ሴት ከልጇ ጋር ትኖራለች። ቀን ሆቴል ታጸዳለች፤ ማታ ደግሞ ሽማግሌ ትጠብቃለች። ልጇ ከልጄ ጋር እኩያ ነው፣ አንድ ክፍልም ነበሩ። ልጄ ሒሳብ ሲያቅታት ሮጣ የምትሄደው ወደ እሱ ነው። ከእሷ እንደሚበልጥ ራሷ ትነግረኛለች፤ እኔም በዓይኔ አይቻለሁ። ዘንድሮ እሷ ሌላ ትምህርት ቤት በአውቶቡስ ትሄዳለች፤ እሱ እዚያው ቀርቷል። «ለምን አብሮኝ አልመጣም?» ስትለኝ ምን ብዬ ልመልስላት? አባቱ ታክሲ ስለማይነዳ ነው ልበላት?

ባለፈው እሑድ ቅጹን ይዤላት ወጣሁ። የሥራ ልብሷን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ተቀምጣ እግሯን ታሻለች። ነገሩን ካስረዳኋት በኋላ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ስንት ያስከፍላሉ?» ብላ ነው። ምንም አልኳት። ሁለተኛ «ወረቀቱ ኢሚግሬሽን ይደርሳል?» አለችኝ። አይደርስም፣ የትምህርት ቤት ነው አልኳት። ዝም ብላ ቆየችና «ምን ብዬ ነው የምሞላው? እኔ እኮ ቀን አላየውም። ሳየው ተኝቶ ነው» አለች።

ልጁን ጠራነው። ቤት ብቻህን ስትሆን ምን ትሠራለህ አልኩት። አልጋው ሥር ገብቶ አንድ የጫማ ካርቶን ጎትቶ አወጣ።